አንድ ምት ከእያንዳንዳችን

በ2079 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን፣ ዳገት ሰፈር ውስጥ ሰው ጠዋት ሲገናኝ ስለ ልጆቹ ወይም ስለ ብርዱ አይጠያየቅም። የግራ እጁን እጅጌ ገለጥ አድርጎ «እንዴት አደረ?» ይባባላል። ያደረው ክንድ ላይ የተለጠፈው ልጥፍ ነው፤ የልብ ምትና ስኳር ይለካል፣ መድኃኒትም ያንጠባጥባል። አረንጓዴ ከሆነ ተመስገን ይባላል። ቢጫ ከሆነ ጠያቂው ከንፈሩን መጥጦ መንገዱን ይቀጥላል። ቀይ ከሆነ ማንም መንገዱን አይቀጥልም፤ ጥሩንባ ይነፋል።

እኔ ናትናኤል እባላለሁ፤ ጋሽ ናቲ ይሉኛል። የዳገት ሰፈር መረዳጃ እድር ጸሐፊ ከሆንኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ዕድሜዬ ስልሳ አንድ ደርሷል፤ ልቤ የሚሄደው በመድኃኒት ነው። የእኛ ዕድሜ ሰዎች ስማችን ናትናኤል፣ ኪሩቤል፣ ሶልያና ነው። የዛሬ ወጣቶች ግን የቅድመ አያቶቻቸውን ስም እየወሰዱ አትጠገብ፣ ጥሩነህ፣ ደብሪቱ ይባላሉ። ስማችን ሲጠራ ብቻ የሚሰማ ሰው ሽማግሌውንና ወጣቱን መለየት አይችልም።

እድር ድሮ የሚሰበሰበው ሰው ሲሞት ነበር። መድኃኒት በእድር በኩል መታደል ከጀመረ ወዲህ ግን የምንሰበሰበው በቆመው ሰው ጉዳይ ነው። በአዳራሻችን ጓዳ ውስጥ ከድንኳኑና ከብረት ድስቶቹ አጠገብ ማቀዝቀዣ ቆሟል። የአርባ አንድ አባል መድኃኒት እሱ ውስጥ ነው። አንዱ አባል ሆስፒታል ከገባ የቀሪዎቻችን ድርሻ ለሦስት ወር ይቀንሳል። ስለዚህ ከበድ ያለ ነገር ያሰበ አባል፣ ጣራ መውጣትም ይሁን ሩቅ አገር መሄድ ወይም ማርገዝ፣ መጀመሪያ እድሩን ያስፈቅዳል። ግድግዳው ላይ በሰማያዊ ቀለም «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተብሎ ተጽፏል። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጽሕፈቴ ያኔ ጥሩ ነበር።

አትጠገብን ያሳደገቻት አክስቷ ሶልያና ናት። ልጅቷ በዘጠኝ ዓመቷ ስኳር ተገኘባት፤ ያ ኢንሱሊን ከሌለ ሳምንት የማያሰነብተው ዓይነት ስኳር። በአሥራ አራት ዓመቷ ደግሞ ሩጫ ጀመረች። ከሁለቱ የቱ እንደሚብስ ሶልያናን ብትጠይቋት ሩጫው ትላለች። አትጠገብ በየማለዳው በአንኮበር መንገድ፣ ንፋሱ ጆሮ በሚቆርጥበት ሰዓት፣ በሶ ጭብጦ በኪሷ ይዛ ትወጣ ነበር። ስኳሯ መውረድ ሲጀምር ቀድሞ የሚነግራት የከንፈሯ ጫፍ ነው፤ ይነዝራታል። ቀጥሎ ጣቷ ይንቀጠቀጣል። ያኔ በሶውን ገምጣ ትቀጥላለች። ልጥፉ ከማወቁ በፊት እሷ ታውቅ ነበር። ይህንን በኩራት ነበር የምትናገረው፤ ለእኔም ሁለት ሦስቴ ነግራኛለች።

አምና በጥር ወር፣ በመጀመሪያው እሑድ ስብሰባ ላይ ተነሥታ ቆመች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር።

«የልብ ምት ጣሪያዬ መቶ ስልሳ አምስት ነው» አለች። «በሱ ማራቶን በሁለት ሰዓት ከሠላሳ ሁለት ደቂቃ እሮጣለሁ። ከዚያ ካለፍኩ ልጥፉ የልብ ማስከኛ መድኃኒት ያንጠባጥብብኛል፤ እግሬ ይታሰራል። የፊታችን ሁለተኛው እሑድ የማራቶን ማጣሪያ አለ። ከአንድ እስከ ሦስት የወጣ ብሔራዊ ካምፕ ይገባል። ካምፑ የራሱ ሐኪም፣ የራሱ መድኃኒት አለው። ጣሪያዬን መቶ ሰማንያ አድርጉልኝ፤ ከሦስቱ አንዷ እሆናለሁ። ከዚያ ወዲያ የእናንተን ድርሻ አልነካም።»

«ልጄ፣ ማን ስለ ድርሻ አነሳ?» አለ የእድሩ ዳኛ ኪሩቤል። ማንም አላነሳም ነበር። ሁላችንም ግን ስለ ድርሻ እያሰብን ነበር።

ኪሩቤል ተቃውሞ ያለው ካለ ይናገር አለ። ዝም አልን። ልጅቷ ፊታችን ቆማለች፤ ክርስትና የበላንላት፣ በየሠርጋችን ውኃ የቀዳችልን ልጅ ናት። ማን ነው አፉን ሞልቶ «አይሆንም» የሚላት? ይሉኝታ የሚባለው ነገር በልጥፍ አይለካም እንጂ ቢለካ ያን ቀን አርባችንም ቀይ ነበርን። እጅ ይውጣ ሲባል አርባ እጅ ወጣ። ሴቶቹ እልል አሉ። «እግዚአብሔር ይቅናሽ!» ተባለ። እኔም በቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ» ብዬ ጻፍኩ። አትጠገብ አለቀሰች፤ የእያንዳንዳችንን ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል ከለከልናት።

እዚህ ላይ ስለ አደራ መናገር አለብኝ። በየስልካችን፣ በእያንዳንዱ አባል ስም ሥር፣ አደራ የምትባል አንዲት ቁልፍ አለች። የጎረቤትህ ነገር ካሰጋህ ትነካታለህ፤ የሰውየው ጣሪያ በአንድ ምት ዝቅ ይላል። ከአንድ ሰው አንድ ምት ብቻ፤ ደጋግመህ ብትነካም አይቆጠርም። ያወረደውን መልሶ ማንሣት የሚችለው ራሱ የነካው ሰው ነው፤ ጉባኤው አዲስ ጣሪያ ሲያጸድቅ ግን ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። የተነካው ሰው አይነገረውም። መጀመሪያ ላይ ይነገረው ነበር፤ ያኔ ሁለት ዓመት ሙሉ በመላ አገሪቱ ቁልፏን የነካ የለም ማለት ይቻላል። «ለምን ነካኸኝ?» ተብሎ ከጎረቤት ጋር መኳረፍ ማን ይወዳል? ስለዚህ እድሮች ራሳችን መድኃኒቱንና ልጥፉን ለሚያድለው ኤጀንሲ በሥውር እንዲሆን አመለከትን። የእኛን ማመልከቻ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ስብሰባ ወጥቼ ወደ ቤቴ ስሄድ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ቆም ብዬ የአትጠገብን ስም ከፈትኩና ነካሁት። ምክንያቴን ዛሬ ልሸፋፍነው አልችልም። ግማሹ ለእሷ መስጋቴ ነበር። ግማሹ የልብ ኪኒኔ ነበር፤ ሦስት ወር በግማሽ ድርሻ የኖርኩበትን ጊዜ አልረሳሁትም፤ ደረጃ ስወጣ ግድግዳ እየያዝኩ ነበር። አንዲት ምት ምን ታደርጋታለች አልኩ። መቶ ሰባ ዘጠኝም ቢሆን ትሮጣለች።

ማጣሪያው የተካሄደው ሐዋሳ ነው። እኛ አዳራሹ ውስጥ በትልቁ ስክሪን ለማየት ተሰበሰብን። ብርድ ስለነበር ሁሉም ጋቢውን ተከናንቧል። ሶልያና ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ጥርሷ ውስጥ ይዛለች። በስክሪኑ ላይ ሩጫው ይታያል፤ በየስልካችን ላይ ደግሞ የልጅቷ የልብ ምት። መቶ ሰባ አንድ። ቁጥሩ በቀይ ነው የተጻፈው፤ ከመቶ ስልሳ በላይ ያለውን ሁሉ በቀይ ነው የሚጽፈው።

«አይዞሽ የኔ አንበሳ!» ይላል ኪሩቤል።

«በርቺ! በርቺ!» ይላሉ ሴቶቹ።

አሥረኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከፊት ቡድን ጋር ነበረች። ኪሩቤል ከጋቢው ሥር እጁ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ መቁጠሪያውን የሚቆጥር መስሎኝ ነበር። ሃያኛው ላይ አራተኛ፣ ሃያ አምስተኛው ላይ ሦስተኛ ሆነች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። በዚያው መካከል ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። መቶ ስልሳ ስድስት። መቶ ሃምሳ ዘጠኝ። ቀዩ ጠፍቶ ጥቁር ሆነ።

«ተመስገን፣ ልቧ ረጋ!» አለች አንዲት ሴት፤ እኛም አሜን አልን። እግሯ እየከበደ መሆኑን ግን ማንም አላለም። አንገቷ ወደ ግራ ዘንበል ብሏል። ፊቷ ላይ ያየሁት ግራ መጋባት ነበር፤ የራሷን ቤት ቁልፍ አዙራ እንቢ ያላት ሰው ይመስል ነበር።

ሠላሳ አንደኛው ኪሎ ሜትር ላይ የመጠጥ ጠረጴዛውን ዝም ብላ አለፈችው። ኪሷንም አልነካችም። ሐኪሞቹ በኋላ እንደነገሩን ማስከኛው ሲበዛ ልብን ብቻ አያረጋጋም፤ መንቀጥቀጡንም፣ መርበትበቱንም ይሸፍናል። ስኳሯ ሲወርድ ከንፈሯ አልነገራትም። ልጥፉ በሯጭ ጆሮ ላይ እንዳይጮህ ደግሞ የውድድር ሕግ ይከለክላል፤ የውጭ እርዳታ ነው ይላል። ጩኸቱ የመጣው በእኛ ስልኮች ላይ ነው። አዳራሹ ሙሉ ስልክ ባንድ ጊዜ ጮኸ።

ያን ጊዜ ከመንገዱ ዳር ደርሳ ቆማ ነበር። እጇን ወደ ዓይኗ አስጠግታ የሌላ ሰው እጅ ይመስል አየችው። ከዚያ በፊቷ ወደቀች።

ሶልያና ኡኡታዋን አቀለጠችው። ሐዋሳ ላሉ አዘጋጆች ለመደወል ሁላችንም ባንዴ ስለሞከርን መሥመሩ ተጨናንቆ እንቢ አለ።

ሁለት ቀን ራሷን ሳታውቅ ቆየች። ሁለት የፊት ጥርሶቿን አስፋልቱ ላይ አጣች። ስትነቃ አንዳንድ ቃል ይጠፋባት ጀመር፤ ማንኪያ ለማለት ፈልጋ «ያ... የሚበላበት» ትልና ከንፈሯን ትነክሳለች። የእድሩ ድርሻ ለሦስት ወር ቀነሰ፤ አንድም ሰው አላጉረመረመም። በየተራ ጠየቅናት፤ የቀረ የለም። ሽሮውን ያመጣ አለ፣ እንቁላሉን ያመጣ አለ፣ ልብሷን የሚያጥብ ሁሉ ነበር። «እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ» እያልን ግንባሯን ሳምናት። እንዲህ ያለ እድር ነው ያለን። ይህን የምለው ለማሾፍ አይደለም።

ኤጀንሲው የአደጋ ሪፖርት ጠየቀኝ። ሪፖርት ለመጻፍ ደግሞ አደራን ማን መቼ እንደነካ የሚያሳየው የጸሐፊ መዝገብ ይከፈታል፤ አንዴ ከተከፈተ ሁለት ዓመት አይዘጋም። መዝገቡ አዲሱን ከላይ፣ የቆየውን ከታች አድርጎ ይደረድራል። ማታ ከራት በኋላ ብቻዬን አየሁት።

ሠላሳ ስምንት ስም።

አሥራ ሁለቱ ከውድድሩ በፊት በነበሩት ቀናት ነክተዋል። ልጅቷ ሊታወቃት አልቻለም፤ ውድድር ሲቀርብ ለሁለት ሳምንት ያህል በቀስታ ብቻ ነው የሚሮጠው። ሃያ ስድስቱ ግን የነኩት ያን ዕለት፣ አዳራሹ ውስጥ፣ «አይዞሽ» እያሉ ነው። ኪሩቤል አሥረኛው ኪሎ ሜትር ላይ። ሶልያና አሥራ አራት ጊዜ ነክታለች፤ የተቆጠረላት አንዷ ብቻ ናት። ቀዩን ቁጥር ባየን መጠን ነካን፤ በነካን መጠን ልጅቷ ከበዳት፤ ከከበዳት ደግሞ ያልነካው ፈርቶ ነካ። መቶ ሰማንያ ብለን እጅ ያወጣንላት ጣሪያ መቶ አርባ ሁለት ገብቶ ነበር። ከሥር፣ ከሁሉም መጀመሪያ፣ የእኔ ስም አለ።

ያልነኩት ሁለት ናቸው። አንዷ ስልኳ ተሰብሮ ነበር። ሌላው ጥሩንባ ነፊያችን ጥሩነህ ነው። ቀስ ብዬ «ውድድሩን ስታይ ስልክህን አላየህም እንዴ?» አልኩት።

«እኔ እኮ መሮጧን ነበር የማየው ጋሽ ናቲ» አለኝ።

በሪፖርቱ ላይ «የመሣሪያ አለመናበብ» ብዬ ጻፍኩ። ኤጀንሲው በአንድ መሥመር ተቀበለው። ወዲያው ሰዎች አንድ በአንድ ወደ እኔ መምጣት ጀመሩ፤ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ጠብቀው፣ ሱቅ ውስጥ ጎተት አድርገው። መጀመሪያ የመጣው ኪሩቤል ነው።

«ናቲ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳታስወራው» አለኝ። «አንድ ጊዜ አደራ ነክቼባት ነበር። በፍቅር ነው፤ አንተ ታውቀኛለህ። አንዲት ምት ሰው ትጥላለች?»

«አንዲት ምት ሰው አትጥልም» አልኩት።

በሁለት ወር ውስጥ ዘጠኝ ሰው እንዲሁ መጣ። ሁሉም ብቻውን የነካ ነበር የሚመስለው። ለሁሉም ያንኑ መለስኩ፤ ያልኩትም ውሸት አልነበረም። ተነሥተው ሲሄዱ ትከሻቸው ቀለል ሲል አይ ነበር። የእኔን ትከሻ የሚያቀል ሰው ግን አልነበረም፤ ለማን ልናገር?

በግንቦት አትጠገብ ራሷ መጣች። ጥርሷን ገና አላስተከለችም።

«ጋሽ ናቲ፣ ያን ቀን እግሬ ከአሥረኛው ኪሎ ሜትር ጀምሮ የኔ አልነበረም። ጣሪያዬን... ያ... ዝቅ ያደረገብኝ ሰው ይኖር ይሆን?»

«መሣሪያው ነው» አልኳት።

«እውነትዎን ነው?»

«ሪፖርቱ ላይ ያለው እሱ ነው።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «ተመስገን። ሰው ቢሆን ኖሮ ከእንግዲህ እንዴት አብሬ እበላ ነበር?» አለች። በሳምንቱ ሩጫ ጀመረች።

ዘንድሮ ጥር ላይ፣ በመጀመሪያው እሑድ ስብሰባ፣ እንደገና ተነሥታ ቆመች። ንግግሯን በወረቀት ጽፋ ይዛ ነበር፤ ቃል እንዳይጠፋባት። መቶ ሰማንያ ጠየቀች። ዘንድሮ ካልሆነ ዕድሜዬ ይሄዳል አለች፤ ዕድሜዋ ሃያ አራት ነው።

መዝገቡን አትሜ በካፖርቴ የውስጥ ኪስ ይዤ ነበር። ተነሥቼ ላነበው ቆርጬ ነው ከቤቴ የወጣሁት፤ ለሚስቴ ሳይቀር ነግሬያታለሁ። ኪሩቤል «ተቃውሞ ያለው?» ሲል ቀና አልኩ። ሶልያናን አየኋት። ነጠላዋን ጥርሷ ውስጥ ይዛ ወለሉን ታያለች። ይህን ወረቀት ባነብ አክስትና ልጅ ዛሬ ማታ በአንድ ቤት እንዴት ያድራሉ ብዬ አሰብኩ። ኪሩቤልስ ነገ በምን ፊቱ ዳኛ ይሆናል? እኔስ? ሰበብ ማብዛት ምን ያደርጋል፣ ፈራሁ።

እጅ ወጣ። እንዳምናው ቀስ እያለ አይደለም፤ ተሽቀዳድመን ነው ያወጣነው። «በሙሉ ድምፅ» ብዬ ጻፍኩ። እጄን ስመለከተው እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

የዚያን ዕለት ማምሻውን መዝገቡን ከፈትኩ። ዘጠኝ ስም ገብቷል። በማግሥቱ አሥራ ሰባት። አምና ውድድሩን እያዩ የነኩት ሰዎች ዘንድሮ እስከዚያ አልጠበቁም፤ የወደቀችበት ምስል ዓይናቸው ውስጥ ነው። እኔ አልነካሁም። አለመንካቴ ግን ምን ይጠቅማታል? በስምንተኛው ቀን ሠላሳ አንድ ስም ሆነ። ሰኞ ነበር፤ ውድድሩ የፊታችን እሑድ ነው።

ከምሳ በኋላ ወደ ቤቷ ሄድኩ። ሶልያና ገበያ ወጥታለች። አትጠገብ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ የመሮጫ ጫማዋን ማሰሪያ ትቀይራለች። ብድግ ብላ ወንበሯን ሰጠችኝና እሷ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች።

«መሣሪያው አልነበረም» አልኳት። ወረቀቶቹን ሰጠኋት፤ የአምናውንም የዘንድሮውንም።

ከላይ ወደ ታች አነበበች። ጣቷን በየስሙ ላይ ታስኬደዋለች። ኪሩቤልን አለፈችው። ሶልያና ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«አሥራ አራት ጊዜ?»

«ፈርታ ነው። ትወድሻለች።»

«አውቃለሁ» አለች። ወደ ታች ቀጠለች። የመጨረሻው መሥመር ላይ ደረሰችና ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኔን እንዳላሸሽ ታገልኩ።

«እኔ ነኝ» አልኳት። «ከሁሉ በፊት የነካሁት እኔ ነኝ። ቃለ ጉባኤው ሳይደርቅ። ስትጠይቂኝም ዋሸሁሽ።»

ታለቅሳለች፣ ትሰድበኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ጫማዋን አንሥታ ማሰሪያውን በቀዳዳው ማስገባት ቀጠለች። ሁለት ቀዳዳ፣ ሦስት ቀዳዳ። 

«ለጉባኤው ላንብበው» አልኩ። «ዛሬውኑ ጥሩንባ ይነፋ። ሁሉም ያወረደውን ያንሣ።»

«ይነበብና?» አለች። «እሺ ይላሉ። ፊቴ ላይ እሺ ያላለኝ ሰው አለ እንዴ? ከዚያ በየጋቢያቸው ሥር ይገባሉ።»

ወረቀቶቹን ከጉልበቷ ላይ አንሥቼ አጣጠፍኩ።

«ከእድሩ ብሰናበትስ?» አለች።

«ምን?»

«ስሰናበት ልጥፉ ከናንተ ይቆረጣል። ጣሪያ የሚባል አይኖርም። ኢንሱሊኑን ትላንት ሞልቼዋለሁ። ሙሉው ስንት ቀን ይይዛል?»

«ዘጠኝ ቀን። ትላንት ከሞላሽው ስምንት ቀርቶታል። አንቺ ግን የተሰናበተ አባል ለመመለስ ዓመት መጠበቅ እንዳለበት ታውቂያለሽ። ማንም እድር ዓመት ሳይሞላሽ አይቀበልሽም። መድኃኒት ከየትም አታገኚም።»

«ውድድሩ በስድስተኛው ቀን ነው። ከሦስቱ ከገባሁ በማግሥቱ ካምፕ ነኝ።»

«ካልገባሽስ?»

«ሁለት ቀን ይቀረኛል» አለች። ዋጋ የተነገራት ገዢ ይመስል ድምፅዋ ረጋ ያለ ነበር።

«አትጠገብ፣ ተይ!» አልኳት። ከወንበሬ ተነሥቼ ነበር። «አይሆንም! እንዲህ ያለ ነገር አልሰማም። አይሆንም ብያለሁ!»

ያኔ ሳቀች። ጥርሷን ስለማታሳይ ከዚያ ቀን ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

«ይኸው፣ አንድ ሰው ፊት ለፊት አይሆንም አለኝ» አለች። «አምና ቢሉኝ ኖሮ አኮርፍዎት ነበር። አንድ ወር ሰላም አልልዎትም ነበር። ከዚያ ግን እንታረቅ ነበር ጋሽ ናቲ።» ሳቋ ቀስ ብሎ ጠፋ። «አሁን ይጻፉልኝ። እኔ ከጻፍኩት ያ... የ... ቃሉ ይጠፋብኛል።»

«ሶልያናን ጠብቂ። ተመካከሩ።»

«እሷ መጥታ ልመናዋን ከጀመረች እቀራለሁ። እኔም እኮ የዚህ ሰፈር ልጅ ነኝ። ፊቷ ላይ እንቢ ማለት አልችልም።»

ኤጀንሲው የሰውን ደም በየደቂቃው በስክሪን ያያል፤ ስንብትን ግን በወረቀትና በክብ ማኅተም ካልሆነ አይቀበልም። ማኅተሙ ደግሞ ሁልጊዜ ኪሴ ውስጥ ነው። ለመሄድ ተነሥቼ እስከ በሩ ደረስኩ። አልጠራችኝም። ዞር ስል ጫማዋን አድርጋ፣ ማሰሪያውን አጥብቃ፣ ባዶ ወረቀት ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ትጠብቀኛለች። ተመለስኩና ተቀመጥኩ።

«እኔ አትጠገብ ሽፈራው በገዛ ፈቃዴ...» ብዬ ጀመርኩ። ጽሕፈቴ እንደ ድሮው አይደለም፤ መሥመሩ ወደ ላይ ይወጣብኛል። ፈረመች። ማኅተሙን አወጣሁና መታሁት።

ደብዝዞ ወጣ፤ የእድሩ ስም በግማሽ አይነበብም።

«እንዲህ ሆኖ አይቀበሉትም» አለች።

ማኅተሙን ወደ አፌ አስጠግቼ ሁለቴ ተነፈስኩበትና፣ ክብደቴን ሁሉ ጥዬ፣ ደግሜ መታሁት።